ኩላሊቱ ተገኝቶ ደሙ ሲከለክል

የአምስት ልጆች እናት የሆነች ሴት ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እጥበት ላይ ናት እንበል። ባለቤቷ ኩላሊቱን ሊሰጣት ተነሥቷል፤ የበኩር ልጇም «ከአባቴ ይልቅ እኔ ወጣት ነኝ» ብሎ ቀርቧል። የደም ዓይነታቸው ይስማማል፣ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፣ ፈቃዳቸውም ከልብ ነው። ላቦራቶሪው ግን የእርሷን ደም በመጀመሪያ ከባለቤቷ፣ ቀጥሎም ከልጇ ደም ጋር አገናኝቶ ሲመረምር ሁለቱንም ጊዜ የሚመልሰው «አይሆንም» ብሎ ነው። ቤተሰቡ «ደማችን አልገጠመም» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። የደም ዓይነቱ ግን ገጥሞ ነበር። እናቲቱን ከባሏና ከልጇ ኩላሊት የለያት ልጆቿን በማህፀኗ መሸከሟ ነው።

እንዲህ ያለው መልስ የሚገኝበት የላቦራቶሪ ምርመራ ባለፉት 60 ዓመታት እጅግ ረቅቋል። ድሮ በማይክሮስኮፕ የሞቱ ሕዋሳትን በማየት ይታወቅ የነበረው ዛሬ በሌዘር ጨረር ይነበባል፤ ውጤቱም በአሃዝ ተጽፎ ይወጣል። ምርመራው በረቀቀ ቁጥር «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ማለት እየቀለለ ይሄዳል ብሎ ማሰብ ያለ ነው። እኔ የምሟገተው ለተቃራኒው ነው። መሣሪያው የሚያየው በበዛ መጠን፣ ያየው ሁሉ ጎጂ ስላልሆነ፣ የታካሚው ታሪክና የባለሙያ ፍርድ ይበልጥ ያስፈልጋሉ። አሃዙን ብቻ ይዞ የሚወስን ሰው አንድም የተተከለ ኩላሊት ያበላሻል፤ አንድም ሊተከልለት ይችል የነበረውን ታካሚ እጥበት ላይ እንዳለ ያስቀረዋል። ሁለተኛው ጥፋት ቀላል የሚመስለው ማንም ስለማይመዘግበው ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ኒውክለስ ባላቸው የሰውነታችን ሕዋሳት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በገጻቸው ላይ ኤች ኤል ኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። የሚሠሩበት መመሪያ በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ ግማሹን ከእናት፣ ግማሹን ከአባት እንወርሳለን። ለመከላከያ ሥርዓታችን መታወቂያ ካርድ ማለት ናቸው፤ የራሱን ከባዕዱ የሚለየው እነርሱን አይቶ ነው። ዓይነታቸው በሺዎች ስለሚቆጠር ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች በሁሉም አንድ ሆነው መገኘታቸው ብርቅ ነው። ሰውነት የሌላ ሰው ኤች ኤል ኤ ሲያጋጥመው አንቲቦዲ ሊያመርትበት ይችላል። አንቲቦዲ በደም ውስጥ እየተዘዋወረ ባዕድ ነገር ላይ የሚጣበቅና ያንን ነገር ለጥቃት የሚያጋልጥ ፕሮቲን ነው። የኤና የቢ የደም ዓይነት አንቲቦዲ ከሕፃንነት ጀምሮ በተፈጥሮ የሚኖረን ሲሆን፣ የኤች ኤል ኤ አንቲቦዲ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከሌላ ሰው ሕዋስ ጋር በመገናኘት ነው። ዋናዎቹ መገናኛዎች ደም መውሰድ፣ ቀደም ሲል የተደረገ ንቅለ ተከላና እርግዝና ናቸው። ፅንስ ግማሽ ውርሱ ከአባቱ ነው፤ ከፅንሱ ወደ እናት ደም የሚያልፉ ጥቂት ሕዋሳት የአባትን ኤች ኤል ኤ ለእናት መከላከያ ሥርዓት ያስተዋውቃሉ። እርግዝናው በተደጋገመ ቁጥር አንቲቦዲ የማምረቷ ዕድል ይጨምራል፤ በውርጃ የተቋረጠውም ሊቆጠር ይገባል። ባል ለሚስት ወይም ልጅ ለእናት ኩላሊት ሲሰጥ እንግዲህ የእናቲቱ ሰውነት ያንን ኤች ኤል ኤ ከዓመታት በፊት አውቆት ሊሆን ይችላል።

ሳይንሱ ራሱ የተገኘው ከእነዚሁ እናቶች ደም መሆኑ ብዙ አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1958 ዣን ዶሴ በፓሪስ ብዙ ጊዜ ደም የወሰዱ ሰዎችን ሴረም፣ ማለትም ደም ከረጋ በኋላ የሚለየውን ፈሳሽ፣ ሲመረምር የሌሎች ሰዎችን ነጭ የደም ሕዋስ የሚያጣብቅ አንቲቦዲ አገኘ። በዚያው ዓመት በሆላንድ ሌይደን ዮን ቫን ሩድ፣ በአሜሪካ ስታንፎርድ ደግሞ ሮዝ ፔይን ተመሳሳይ ነገር በወለዱ ሴቶች ሴረም ውስጥ መኖሩን ዘገቡ። ዶሴ በ1980 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት፣ የዘረመል ምርመራ እስኪስፋፋ ድረስ፣ የሰዎችን ኤች ኤል ኤ ለመለየት ላቦራቶሪዎች የተገለገሉት በአመዛኙ ብዙ ጊዜ ከወለዱ ሴቶች የተሰበሰበ ሴረም ነው። ዛሬ በመላው ዓለም ንቅለ ተከላ የሚጠብቁ ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ የሚያንገላታው አንቲቦዲ፣ ሌሎች ታካሚዎች ተስማሚ ለጋሽ እንዲያገኙ ያስቻለው ያው አንቲቦዲ ነው።

የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 በቦስተን ፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል በዶክተር ጆሴፍ መሪ ሲደረግ ሰጪና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የአንቲቦዲ ጥያቄ አልተነሣም። በ1960ዎቹ የመከላከያ ሥርዓትን የሚገታ መድኃኒት ተገኝቶ መንትያ ባልሆኑ ሰዎች መካከል ሥራው ሲቀጥል ግን ቀዶ ሐኪሞች አስደንጋጭ ነገር ይገጥማቸው ጀመር። የደም ሥሩ ተገጣጥሞ ደም ሲለቀቅበት ቀልቶ የነበረው ኩላሊት፣ አንዳንዴ ታካሚው ከጠረጴዛው ሳይወርድ፣ ይጠቁርና ደሙ በውስጡ ረግቶ ይሞታል። ተቀባዩ አስቀድሞ አንቲቦዲ ስለነበረው ጥቃቱ የተጀመረው ደሙ በነካው ቅጽበት ነው። ይህን አደጋ አስቀድሞ ማወቂያ መንገድ ያበጀው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የነበረው ፖል ቴራሳኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ከባልደረባው ከማክሌላንድ ጋር ያሳተመው ዘዴ አንድ ማይክሮሊትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊሊትር አንድ ሺኛ፣ ሴረም ብቻ የሚፈልግ ነበር። ጥቃቅን ጎድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ላይ የታካሚው ሴረም ይጨመራል፤ በላዩ የለጋሹ ነጭ የደም ሕዋሳት ይደረጋሉ፤ ቀጥሎ ከጥንቸል ደም የተገኘ ኮምፕሊመንት የተባለ የፕሮቲኖች ስብስብ ይታከልበታል። አንቲቦዲው ሕዋሱ ላይ ከተጣበቀ ኮምፕሊመንቱ የሕዋሱን ሽፋን ይበሳዋል። የተበሳው ሕዋስ ማቅለሚያ ሲጨመርበት ቀለሙን ይጠጣል፤ በሕይወት ያለው አይጠጣም። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ አይቶ ስንት እጁ እንደሞተ ይገምታል። የታካሚን ሴረም ከለጋሽ ሕዋስ ጋር የሚያጋጥመው እንዲህ ያለ ምርመራ ክሮስማች ይባላል።

ቴራሳኪ ከባልደረባው ከፓቴል ጋር በ1969 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ያወጣው ውጤት የሙያውን አሠራር ለወጠ። ከ225 ንቅለ ተከላዎች ውስጥ ክሮስማቹ ፖዘቲቭ የነበረው፣ ማለትም የለጋሹ ሕዋሳት የሞቱበት፣ በ30ዎቹ ሲሆን፣ ከእነርሱ 24ቱ የተተከለላቸው ኩላሊት ወዲያው ከሥራ ውጭ ሆነ። ኔጌቲቭ ከነበሩት 195 መካከል ግን ይህ የደረሰባቸው 8 ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ክሮስማች ሳይደረግ ኩላሊት አይተከልም የሚለው ደንብ ሆነ፤ ያ ድንገተኛ የኩላሊት ሞትም ዛሬ ብዙ ሐኪሞች በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት ነገር ሆኗል። ሁልጊዜ የሚጠቀሰው 24 የሚለው አሃዝ ነው። ለእኔ ክርክር ግን የሚበልጡት ሁለቱ ትንንሽ አሃዞች ናቸው። ምርመራው «አይሆንም» ብሎ ሳለ 6 ኩላሊቶች ወዲያው አልሞቱም፤ ምርመራው «ይሆናል» ብሎ ሳለ 8 ሞቱ። ከ1969 በኋላ የተሠራው የላቦራቶሪ ታሪክ ሁሉ የእነዚህ የ8ቱና የ6ቱ ታሪክ ነው። ሙያው 8ቱን ለማሳነስ በብርታት ሠርቷል። 6ቱን ግን ለረጅም ጊዜ ዘንግቷቸዋል።

8ቱን ለማሳነስ ስሱ ምርመራ ያስፈልግ ነበር፤ ሕዋስ ለመግደል የማይበቃ ጥቂት አንቲቦዲ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በቀናት ውስጥ ሊባዛ ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ1983 ፍሎው ሳይቶሜትሪ ለክሮስማች ዋለ። እዚህ ላይ የሕዋስ ሞት አይጠበቅም። አንቲቦዲው የለጋሹ ሕዋስ ላይ መጣበቁ ብቻ የሚያበራ ቀለም በተያያዘበት ሁለተኛ አንቲቦዲ ይታወቃል፤ መሣሪያው ሕዋሳቱን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እያሳለፈ ብርሃናቸውን ይለካል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋው ሉሚኔክስ የተባለው ዘዴ ደግሞ ሕዋስን ጭራሽ አስቀረ። በሕዋስ ፈንታ በዓይን የማይታዩ የፕላስቲክ ዶቃዎች አሉ። ሁለት ማቅለሚያዎችን በተለያየ መጠን በማደባለቅ እስከ 100 የሚደርሱ የዶቃ ዓይነቶች ይሠራሉ፤ በእያንዳንዱ ዓይነት ላይም አንድ የኤች ኤል ኤ ፕሮቲን ብቻ ይለበጣል። የታካሚው ሴረም ከዶቃዎቹ ጋር ከቆየ በኋላ አንዱ ሌዘር ዶቃው የትኛው እንደሆነ ይለያል፤ ሌላው በላዩ የተጣበቀ አንቲቦዲ መኖሩን በብርሃኑ መጠን ያነባል። በአንድ ምርመራ፣ ገና ለጋሽ ሳይቀርብ፣ ታካሚዋ የትኞቹን ኤች ኤል ኤ እንደምታጠቃ ይታወቃል። ለጋሽ ሲገኝ የእርሱን ዓይነት ከዝርዝሩ ጋር አስተያይቶ ውጤቱን መገመት ይቻላል፤ ይህ ቨርቹዋል ክሮስማች ይባላል። ኩላሊት ከሩቅ ከተማ በአውሮፕላን በሚመጣበትና ሰዓት በሚቆጠርበት አገር ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄም ይህን ጥቅም አይክድም።

ጥያቄው ከዶቃው የሚነበበው አሃዝ ምን ማለት ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ሐኪምም ጭምር፣ በደም ውስጥ ያለው የአንቲቦዲ መጠን አድርጎ ያነበዋል። አሃዙ ግን የብርሃን ድምቀት ነው፤ ድምቀቱን ከመጠኑ የሚያርቁት ነገሮች ብዙ ናቸው። ፕሮቲኑ ተነጥሮ ዶቃ ላይ ሲለበጥ ቅርጹ ሊዛባና በተፈጥሮ ተሸፍኖ የነበረ ጎኑ ሊጋለጥ ይችላል። በዚያ ጎን ላይ የሚጣበቅ አንቲቦዲ በዶቃው ላይ ደምቆ ይታያል፤ በሕያው ሕዋስ ላይ ግን የሚይዘው ነገር የለውም። ጤነኛ ሆነው፣ ደም ወስደው በማያውቁ ወንዶች ሴረም ውስጥ ሳይቀር ዶቃዎቹ አንቲቦዲ ማሳየታቸው ተዘግቧል። ስህተቱ በተቃራኒውም ይመጣል። አንቲቦዲው እጅግ ሲበዛ በሴረሙ ያለው ኮምፕሊመንት ዶቃውን ሸፍኖ ንባቡን ይጋርድና ከሁሉ የከፋው አንቲቦዲ ደካማ መስሎ ይቀርባል፤ ለዚህ ነው ጠንቃቃ ላቦራቶሪዎች ሴረሙን የሚያቀጥኑት፣ የሚያሞቁት ወይም የኮምፕሊመንትን ሥራ የሚያግድ ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል የሚጨምሩበት። አንድ አንቲቦዲ ብዙ የኤች ኤል ኤ ዓይነቶች በጋራ የያዙትን ክፍል የሚያጠቃ ከሆነ ደግሞ በብዙ ዶቃዎች ላይ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ዶቃ ዝቅተኛ አሃዝ ይሰጣል፣ በእውነተኛው ኩላሊት ላይ ግን ኃይሉ ተሰብስቦ ይገኛል። በዚህ ሁሉ ላይ «ከዚህ በላይ አደገኛ ነው» የሚባልበት መስመር ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል። አንዱ 1000 ላይ ሲያሰምር ሌላው ብዙ ሺህ ድረስ ይታገሣል። ያው ታካሚ በአንዱ ከተማ የተከለከለውን ለጋሽ በሌላው ሊፈቀድለት ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ጠንካራ ስለሆነ በሚገባው ክብደት መመለስ አለበት። «በጥርጣሬ ጊዜ መከልከል ይሻላል፤ አንዴ ተተክሎ የተበላሸ ኩላሊት ለጋሹንም ተቀባዩንም ጎድቷል፤ ከዚያም የከፋው፣ የተበላሸው ኩላሊት ራሱ አዲስ አንቲቦዲ አስነሥቶ ቀጣዩን ዕድል ያጠብባል» ይባላል። የሚባለው ሁሉ እውነት ነው። ጉድለቱ መከልከልን ዋጋ እንደሌለው ነገር ማየቱ ነው። ኩላሊት ያልተተከለለት ሰው እጥበት ላይ ይቆያል፤ እጥበት ደግሞ ዕድሜን የሚያራዝም እንጂ ኩላሊትን ሙሉ በሙሉ የሚተካ ሕክምና አይደለም። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ በ2011 የታተመ ጥናት አንቲቦዲ ያላቸው 211 ታካሚዎች አንቲቦዲው በሕክምና እንዲቀንስ ተደርጎ ከሕያው ለጋሽ ሲተከልላቸው ከ8 ዓመት በኋላ በሕይወት የቆዩት 80.6 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ከእነርሱ ጋር ከተነጻጸሩትና እጥበት ላይ ብቻ ከቀሩት ግን 30.5 በመቶ፣ እየጠበቁ ቆይተው ከፊሉ የሚስማማ ኩላሊት ካገኙት 49.1 በመቶ ነበሩ። ይህን አሃዝ ብቻ ይዤ ብደመድም ግን ፍትሐዊ አልሆንም፤ በ2017 በብሪታንያ የተደረገ ተመሳሳይ ጥናት በሕይወት በመቆየት በኩል በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ሁለቱ ጥናቶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ አንቲቦዲ እያለ መትከል በሁለቱም ዘንድ ከመጠበቅ የከፋ አልሆነም። የመጠበቅ ዋጋው በየአገሩ የእጥበት አገልግሎትና የለጋሽ አቅርቦት ይለያያል። እጥበት ውድ በሆነበት፣ ብዙዎችም ገንዘባቸው ሲያልቅ በሚያቋርጡበት አገር «በጥርጣሬ ጊዜ መከልከል ይሻላል» የሚለው ደንብ ከብሪታንያ ይልቅ ብዙ ሕይወት ያስከፍላል።

አንዳንድ አገሮች 6ቱን፣ ማለትም ያለ በቂ ምክንያት ሊከለከሉ የሚችሉትን፣ በአሠራር ለማሰብ ሞክረዋል። ዮን ቫን ሩድ በ1967 የመሠረተው የአውሮፓ አገሮች የአካል ልገሳ ማኅበር ዩሮትራንስፕላንት በ1989 የተለየ መርሐ ግብር ጀመረ። በሌይደን ያለው ላቦራቶሪ እጅግ ብዙ አንቲቦዲ ላላቸው ታካሚዎች «የማይሆነው የቱ ነው?» ከማለት አልፎ «ባዕድ ሆኖም የማታጠቃው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያንን ዓይነት የያዘ ኩላሊት ሲገኝ ቅድሚያ ለእነርሱ ይሰጣል። በአሜሪካ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ የታካሚው አንቲቦዲ ከአገሪቱ ለጋሾች ምን ያህሉን እንደሚያስቀር በመቶኛ ይሰላል። 98 በመቶ የሆነበት ሰው ከ100 ለጋሾች ለ2 ብቻ ክፍት ነው። በ2014 የተለወጠው የአከፋፈል ደንብም እዚህ ከፍታ ላይ ላሉት ታላቅ ቅድሚያ ሰጠ። ይህን መቶኛ ግን ላቦራቶሪው ራሱ ነው የሚፈጥረው ማለት ይቻላል፦ መስመሩን ዝቅ ቢያደርግ የተከለከሉት ዓይነቶች ይበዙና መቶኛው ይወጣል፣ ከፍ ቢያደርግ ይወርዳል። ሒሳቡ የሚሠራው በአሜሪካ ለጋሾች መካከል ባለው የኤች ኤል ኤ ስርጭት መሆኑንም በዚያ ተራ የሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን ቢያውቁት መልካም ነው። ያው አንቲቦዲ በወገኖቻቸው መካከል ቢሰላ ሌላ መቶኛ ሊሰጥ ይችላል።

በኢትዮጵያ ንቅለ ተከላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር ነው። ሥራው የቆመው በሕይወት ባሉ ዘመድ ለጋሾች ላይ ነው፤ ይህም የምርመራውን ትርጉም ይለውጠዋል። የሺህ ለጋሾች መዝገብ በሌለበት መቶኛ ብዙ አይነግረንም። የሚፈለገው «ይህ ወንድም፣ ይህች እህት፣ ይህ ባል ይሆናል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሴረምን ከለጋሹ ሕያው ሕዋስ ጋር የሚያጋጥመው ምርመራ፣ ዕድሜው ቢገፋም፣ ቦታውን አልለቀቀም። አንድ ተጨማሪ ምክንያትም አለ። በዶቃዎቹ ላይ የሚለበጡት የኤች ኤል ኤ ዓይነቶች ዶቃዎቹን የሚያመርቱት ኩባንያዎች በብዛት በሚያጠኗቸው ሕዝቦች ዘንድ የተለመዱት ናቸው፤ የአፍሪካ ሕዝቦች ደግሞ በዘረመል ልዩነት ከሁሉ የሰፉ ናቸው። በዶቃ ላይ የሌለ ዓይነትን የሚያጠቃ አንቲቦዲ አይታይም። የወንድም ሕዋስ ግን ምንም ይሁን ምን የወንድም ኤች ኤል ኤ ሙሉ በሙሉ አለው።

«እንግዲያው ርካሹ ክሮስማች ከበቃ ውዱን መሣሪያ ማን ይፈልገዋል?» የሚል ይኖራል። አይበቃም። ክሮስማች የሚናገረው ስለ ዛሬና ስለ አንድ ለጋሽ ብቻ ነው። በሴረሙ ውስጥ የታካሚው የራሱን ሕዋስ የሚነካ ምንም የማይጎዳ አንቲቦዲ ካለ ያለ ምክንያት ፖዘቲቭ ይሆናል፤ የታካሚውን ሴረም ከራሱ ሕዋስ ጋር አጋጥሞ ካላዩ ይህ አይለይም። ከ20 ዓመት በፊት በእርግዝና የተፈጠረ አንቲቦዲ ደግሞ ዛሬ ከመለኪያ በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ያመረቱት ሕዋሳት ግን አይረሱም፣ ያንኑ ኤች ኤል ኤ የያዘ ኩላሊት ሲተከል በቀናት ውስጥ ይቀሰቀሳሉ። ይህን የሚይዝ አንድም መሣሪያ ብቻውን የለም። የሚይዘው በየጥቂት ወሩ የተቀዳ ሴረም በማቀዝቀዣ መቀመጡ፣ አሮጌው ሴረም ከአዲሱ ጋር መመርመሩና ታካሚዋ በትክክል መጠየቋ ነው፦ ስንት ጊዜ አረገዘች፣ ያልደረሰ እርግዝና ነበር ወይ፣ ደም ወስዳለች ወይ፣ መቼ? በአገራችን ስለ ውርጃ በሰው ፊት መናገር ከባድ ነው፤ አማች ወይም ባል አጠገቧ ተቀምጠው የምትጠየቅ ሴት እውነቱን ትደብቃለች። ለብቻዋ መጠየቋ የሚሊዮን ብር መሣሪያ የማይሰጠውን መረጃ ይሰጣል፤ ወጪው ደግሞ ጊዜና አክብሮት ነው።

የደም ነገር ራሱን የቻለ ትኩረት ይገባዋል፣ በሰው እጅ ያለው የመከላከያ መንገድ እርሱ ነውና። ኩላሊት ሲደክም ደም ማነስ ይከተላል፤ እጥበት ላይ ላለ ሰው ደም መስጠት ለረጅም ዘመን የተለመደ መፍትሔ ነበር። በ1973 ጌርሃርድ ኦፔልዝና ቴራሳኪ ከንቅለ ተከላ በፊት ደም የወሰዱ ሰዎች የተተከለላቸው ኩላሊት የተሻለ እንደሚቆይ ሲያሳዩ፣ ሆስፒታሎች ታካሚን ለማዘጋጀት ብለው ደም መስጠት ጀመሩ። በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን የተባለው የመከላከያ ሥርዓትን የሚገታ መድኃኒት ሲመጣ ጥቅሙ ደበዘዘ፤ በአንቲቦዲ የተሞሉ ታካሚዎች ግን ቀሩ። ዛሬ ደም ማነስን በአይረንና በኤሪትሮፖይቲን መርፌ መያዝ ይቻላል። መርፌው ውድ ነው፤ ሕይወት የሚያድን ደም በአስቸኳይ ሲያስፈልግም ማንም አይከልክል። ሊተከልለት ለሚችል ሰው በልማድ ብቻ የሚሰጥ አንድ ከረጢት ደም ግን ነገ ወንድሙን ከለጋሽነት ሊያስወጣበት ይችላል። ስለዚህ የንቅለ ተከላ ምርመራ የሚጀምረው ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን ደሙን በሚያዘው ሐኪም እጅ ነው።

አንቲቦዲው በእርግጥ ከተገኘና ጎጂ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላም መንገዱ አላለቀም። ደሙን በመሣሪያ አጣርቶ አንቲቦዲውን መቀነስ ይቻላል፤ በ2020 በአውሮፓ በቅድመ ሁኔታ የተፈቀደው ኢምሊፊዴዝ የተባለ ከባክቴሪያ የተገኘ ኢንዛይም ደግሞ አንቲቦዲውን በሰዓታት ውስጥ ይቆራርጠዋል። ሁለቱም ውድ ናቸው፣ አንቲቦዲውም የመመለስ ጠባይ አለው። ከእነርሱ በፊት ሁለት ቀላል ነገሮች መታየት አለባቸው። አንደኛው እህትና ወንድም ነው። ሁለት የአንድ እናትና አባት ልጆች በኤች ኤል ኤ ፍጹም አንድ የመሆን ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው፤ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እህት ከተገኘ በባል ላይ የተነሣው አንቲቦዲ በዚያ ኩላሊት ላይ የሚይዘው የለም። ቤተሰቡ ባልና ልጅን ብቻ አቅርቦ ከመመለሱ በፊት ወንድምና እህት በሙሉ ይቆጠሩ የምለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ልውውጥ ነው። ፊሊክስ ራፓፖርት በ1986 ሐሳቡን ያቀረበውና በደቡብ ኮሪያ ከ1991 ጀምሮ በተግባር የዋለው አሠራር ነው። የአንዱ ቤተሰብ ለጋሽ ለሌላው ቤተሰብ ታካሚ ይሰጣል፣ የዚያኛውም ለጋሽ ለዚህኛው። ለዚህ የሚፈቅድ ሕግ፣ የኩላሊት ሽያጭን የሚከላከል ቁጥጥርና በአንድ መዝገብ የተያዙ ብዙ ጥንዶች ያስፈልጋሉ። ጥንዶቹን የሚያዛምደው ደግሞ ላቦራቶሪው ያወጣው የአንቲቦዲ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ምንም የማይጎዱትን አንቲቦዲዎች ሁሉ ካካተተ የሚዛመድ ጥንድ ይጠፋል። ጎጂውን ካስቀረ ደግሞ አራቱ ሰዎች ለቀዶ ሕክምና ከተዘጋጁ በኋላ የመጨረሻው ክሮስማች ፖዘቲቭ ሆኖ የሁለቱም ቤተሰቦች ቀጠሮ በአንድ ላይ ይሰረዛል።